ጉርሻ ያጋለጠው ሽቦ

ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ፒያሳ ሞልተዋል። ቀልዱ ገና ሳያልቅ እጃቸው አፋቸው ላይ ነው።

ጓደኛዬ ሳሚ የእነዚህ ሰዎች አለቃ ነበር። ጥርሶቹ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተደራርበው፣ ምግብ በመሃላቸው እየተሰገሰገ ድዱ ይደማ ነበር። ሐኪም የጥርስ ማቃኛ ሽቦ አስሮለት ጥርሶቹ ቀስ በቀስ ሲቃኑ ድዱ ዳነ፤ ጭንቀቱ ግን ባሰ። አሁን ደግሞ ሽቦው መሸፈን አለበት!

የእጮኛው እናት እማማ ዘነበች አፍንጮ በር ቤታቸው ምሳ የጠሩት ዕለት አብሬው ሄድኩ።

«እንዲህ ታጥሬ አይተው ልጃቸውን የሚሰጡኝ ይመስልሃል?» እያለ መንገዱን ሁሉ አላበው።

ቤት ገብተን የተጠየቀውን ሁሉ ከንፈሩን ገጥሞ ራሱን በመነቅነቅ መለሰ። የእማማ ፊት እየጠቆረ ሲሄድ አየሁ። በመጨረሻ ጉርሻ ጠቅልለው ተነሱ። ምን ዓይነት ጉርሻ? የሕፃን ጡጫ የሚያህል! በተገጠመ ከንፈር የሚገባ ጉርሻ ደግሞ ማን አይቶ ያውቃል?

«በሞቴ!» አሉት።

በአማት ሞት ተለምኖ ማን እንቢ ይላል? አፉን ከፈተ። ሽቦው ከዳር እስከ ዳር አበራ። አጠገቡ የተቀመጠችው እጮኛው ዓይኗን ጨፈነች፤ እኔም ወደ በሩ አየሁ።

እማማ አጎረሱትና እፎይ አሉ። «ውይ ልጄ! ይሄን ብለህ ነው? እኔ እኮ ንቀት መስሎኝ ልጄን ልከለክልህ ነበር!»

ሳሚ ጉርሻውን እንደያዘ ሳቀ፤ እጁም ሳይነሳ ቀረ።

እማማ ወደ እሱ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ለትልቅ ሰውም ያስራሉ?» አሉት፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው።