አቶ ጋልማ ሳይሞቱ በቀብር መኪና ስለ መሄዳቸው

የሄሉ ቀብር መረዳጃ ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ፣ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ማርች 14 ቀን 2006፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ቦታ፦ የአቶ ካሚል ጎማ ቤት ጥላ። የጽሕፈት ቤቱን ቁልፍ ቁልፍ ያዡ አቶ ቦርቶ ይዘውት ወደ ኡራን መንደር ሄደዋል።

የተገኙ፦
1. አቶ ካሚል፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ኮኪ፣ ሒሳብ ሹም
3. አቶ አዳኖ፣ አባል
4. አቶ ጋልማ፣ አባል፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ ታማሚ
5. ወ/ሮ ደስታነሽ፣ ጸሐፊ (ለቁጥር ይገባሉ፤ አስተያየትና ድምፅ አይሰጡም)

ምልዓተ ጉባኤ አምስት ስለሆነና አምስት ስለተገኙ ስብሰባው ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ የነርሷ የሲስተር ሜርሲ ማብራሪያ

ሲስተር ሜርሲ በእንግድነት ተጋብዘው፣ ስንተነፍስ ከኦክስጅን የሚፈጠሩ ጎጂ ነገሮች ብረት እንደሚዝግ ሁሉ በሕዋሶቻችን ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ የሚባል መመሪያ እንደሚጎዱ፣ አካል አብዛኛውን በየዕለቱ እንደሚጠግን፣ የሲጋራና የብየዳ ጭስ ሲጨመርበት ግን ጥገናው ላይደርስ እንደሚችል፣ ያልተጠገነው ሲጠራቀም ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ገለጹ። የአቶ ጋልማ ጉሮሮ ከሾርባ በቀር አላሳልፍ ማለቱ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ናይሮቢ ሲመረመር ብቻ ነው፤ ቶሎ ይሂዱ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አቶ አዳኖ ብረት ቀለም ይቀባል፣ ሰውስ ምን ይቀባል ሲሉ ጠየቁ። መልስ ሰጪዋ ስለሄዱ፣ ትንፋሽ ይቀነስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ኮኪ "አንተ ዝም ብትል የሁላችንም ይተርፋል" አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ አባላት በስብሰባ ላይ በልክ እንዲተነፍሱ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የማኅበሩ የቀብር መኪና፣ አይሱዙው

ሾፌሩ ቱሉ ዛሬ 6 ሰዓት በጥበቃ ታጅቦ ከሚሄደው የመኪኖች ኮንቮይ ጋር ወደ ናይሮቢ እንደሚወርድ ተገለጸ። ሌሎቹ መኪኖች ሰው የሚጭኑት ከዕቃው አናት ላይ ስለሆነ አቶ ጋልማ አይችሉትም። በደንቡ አንቀጽ 4 መሠረት ግን የማኅበሩ መኪና አባልን የሚያጓጉዘው ሲሞት ብቻ ነው።

ሰብሳቢው፣ ለአንድ ሕያው ከተፈቀደ ነገ ሁሉም ዘመድ ጥየቃ ይሳፈርበታል ሲሉ ተቃወሙ። መኪናው የጸሐፊዋን ባል፣ ሟቹን አቶ አሬሮን፣ እንዴት ባለ ክብር እንዳደረሰ አስታወሱ። አቶ ጋልማ በዝቅተኛ ድምፅ "ደስታነሽ፣ አሬሮ በሕይወት እያለ መኪናውን ጠይቀሽለት ነበር?" አሉ። ጸሐፊዋ አለመጠየቃቸውን መለሱ።

ወ/ሮ ኮኪ፣ በሲስተሯ አነጋገር ጉዳቱ ከመጀመሪያው ትንፋሽ የሚጀምር ከሆነ ሰው መቼ መሞት እንደሚጀምር አይታወቅም፤ ስለዚህ አቶ ጋልማ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሞቱ ይቆጠሩልን አሉ። ድምፅ ተሰጠ። መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አቶ ጋልማ ናቸው። በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ሞታቸው ጸደቀ። ለቱሉ በቃል ተነገረው፤ ፍራሻቸውም ተጫነ።

ሟቹ ጋቢና ይሰጠኝ ሲሉ፣ አቶ አዳኖ "ምዜ (አባባ)፣ ሬሳ ከኋላ ነው የሚሄደው፤ ደግሞ ሟች አይናገርም" ብለው ሥርዓት አስያዙ። ቱሉ የማኅበሩ አባል ባለመሆኑና በውሳኔው ስለማይገዛ ክንዳቸውን ደግፎ ጋቢና አስገባቸው።

አጀንዳ 3፦ በሰብሳቢው የቀረበ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ

አቶ ካሚል፣ አቶ ጋልማ ከሞቱ የቀረነው አራት ነን፤ ምልዓተ ጉባኤ ተጓድሏል አሉ። ወ/ሮ ኮኪ "ካሚል፣ አንተ ሰው ሲሞትም ታጉረመርማለህ" አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አቶ ጋልማ ሕያው ናቸው። መኪናው አይወስዳቸውም። አባላት እንደ ፈቀዱ ይተንፍሱ።

በአንቀጽ 9 መሠረት፣ ጉዞ የታዘዘ ሾፌር የሚታገደው በጸሐፊዋ እጅ በንጹሕ በተገለበጠ ደብዳቤ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ መገልበጥ ጀመሩ። አንድ ፊደል ስለደበዘዘ ቀደው እንደገና ጀመሩ። ኮንቮዩ ጡሩምባ ሲነፋ ሰብሳቢው "ደስታነሽ፣ ኧረ ቶሎ በይ!" አሉ። ጸሐፊዋ ደብዳቤ በጥድፊያ እንደማይጻፍ አሳሰቡ። በስብሰባው ላይ የሰጡት ብቸኛ አስተያየት ይህ ነው።

ደብዳቤው በሦስተኛው ግልባጭ ንጹሕ ሆኖ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተጠናቀቀ፤ ስብሰባውም ተበተነ። በዚያን ሰዓት አይሱዙው በናይሮቢ መንገድ ላይ ያለችውን ዋልዳን አልፏል። እገዳው ሾፌሩ ሲመለስ ይነበብለታል።

ጸሐፊ፦ ደስታነሽ