ሊቀ ሙጫ

መሰናበት የማያውቅ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የእኛው አጎቴ ናቸው። «ሊቀ ሙጫ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው ታላቅ እህታቸው፣ እናቴ ነች። ጫማቸውን አድርገው፣ በሩን ከፍተው፣ እጅጌዬን ጨብጠው «አንዲት ነገር ብቻ!» ይላሉ። ያቺ አንዲት ነገር ግን ዘር ማንዘር አላት።

አጎቴ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያጠኑት እናቴን እየደጋገመ የሚጥላትን የሽንት ኢንፌክሽን ነው። ባክቴሪያዋ ገላዋ ላይ ፀጉር መሰል ክሮች አሏት። በየክሩ ጫፍ የፊኛችንን ስኳር ቆንጥጣ የምትይዝ ፕሮቲን አለች። «ፊኛ ስኳር አለው?» ብዬ መገረሜ ነው ያስያዘኝ።

«ፕሮቲኗ ሁለት ክፍል ናት» አሉ እጅጌዬን እንደያዙ። «ፊተኛው ይይዛል፣ ኋለኛው ከክሩ ጋር ያገናኛል። ተጠጋግተው ሲቀመጡ አያያዟ ልል ነው። ሽንቱ መጥቶ ሲጎትታት ግን ሁለቱ ይራራቃሉ፤ ያኔ መዳፏ ክርችም! እስቲ ጎትቺ!»

ጎተትኩ። ክርችም።

«ካልጎተቷትስ፣ ጋሼ?»

«ራሷ ትለቃለች።»

«ልጄን ልቀቃት!» አለች እናቴ ከአልጋዋ። «ይቺ ተባይ መጣበቅ የተማረችው አንተን አይታ ነው!»

ማን ያመለጣቸው አለ? ሠርግ ላይ ሙሽራውን ይዘውት ሙሽሪት ብቻዋን ፎቶ ተነሣች። ቀብር ላይ እጁን የጨበጡት ሐዘንተኛ ለቅሶውን ትቶ መሸሻ ያማትር ጀመር። የጥርስ ሐኪማቸው እንኳ አፋቸውን አስከፍቶ አልተረፈም።

እናቴ ግን እየባሰባት ሄደ። አጎቴ የፕሮቲኗን መዳፍ የሚያስከፍት ነገር ፍለጋ ላቦራቶሪ ከተቱ። አገኙም፤ ብልቃጥ ውስጥ ይሠራል። ከብልቃጥ እስከ ሰው ግን የዓመታት መንገድ ነው፤ እናቴ ደግሞ ዓመታት የሏትም።

ትናንት ሐኪሙ የመጨረሻው መድኃኒትም እንዳልሠራ፣ ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ እንደገባ ነገረን። የጥየቃ ሰዓት አልቆ ነርሷ «በቃ፣ ውጡ» ስትል አጎቴ የእናቴን እጅ እንደያዙ ነበሩ።

«ሊቀ ሙጫ» አለች እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ልቀቀኝ እንጂ።»

ለቀቋት።

ኮሪደሩ ላይ እጅጌዬን ያዙ። «አንዲት ነገር ብቻ…»

ጠበቅኋቸው። ነገሯ አልመጣችም። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ። እንደ ልማዴ ልጎትት ብዬ ተውኩት። ጣቶቻቸው ቀስ በቀስ ላሉ፣ እጃቸው ወደ ጎናቸው ወረደ። እንዳሉት ነው፤ ካልጎተቷት ትለቃለች።

እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ተንደርድሬ የነጭ ጋውናቸውን እጅጌ ባለ በሌለ ኃይሌ ጨበጥኩ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እስቲ ይጎትቱ።»