መብራት በሌለበት የመብራት ፈተና

ሕዝብን ወክሎ መቀመጥ ቀላል ሥራ ነው። ወንበር ይሰጥሃል፣ ለስላሳ ይከፈትልሃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበቅብህ አለመተኛት ብቻ ነው። በዚያ የግምገማ ዘመን በእኛ በቀወት ሕዝብ ያልተወከለበት ነገር አልነበረም። የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ተወካይ አለ፤ ውሃ አልተገኘም ተብሎ ሲደፈንም ተወካይ አለ። እኔ ብዙ ጊዜ እመረጥ ነበር። ለምን ካላችሁኝ፣ ስለማልናገር ነው። የማይናገር ሰው ስብሰባ አያስረዝምም። አዋቂ ነው የሚሉኝም ነበሩ። ከአራተኛ ክፍል ማቋረጤን እነሱ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት፣ በኤሌክትሪክ ተማሪዎች የተግባር ፈተና ላይ፣ የኅብረተሰብ ተወካይ ሆኜ የተገኘሁት። በእኔ ቤት የሚበራው ኩራዝ ነው። ይህ ግን ከመወከል የሚያግድ ሆኖ አልተገኘም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነበር። ከስምንቱ ተፈታኞች አንዷ ልጄ ትርንጎ ናት። ኤሌክትሪክ ልማር ስትለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሬ ነበር፤ ካለፍሽ ትቀጥያለሽ፣ ከወደቅሽ ግን ማማ ላይ ወጥተሽ ከማሽላው ወፍ ታባርሪያለሽ ብዬ። አንዴ ያልኩትን እንደማልመልስ ቤቴ ያውቃል። እናቷም ስለምታውቅ፣ የፈተናው ዕለት ጠዋት ወንጭፉን ከግድግዳው አውርዳ ደብቃዋለች።

የፈተናው ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የሮቢትን ሙቀት ለሚያውቅ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም። እያንዳንዱ ተማሪ በሳንቃ ላይ ማብሪያና አምፖል ገጥሟል። ማብሪያው ሲጫን አምፖሉ ከበራ ያልፋል። ይህን ያህሉን እኔም ተረዳሁ። መምህሩ፣ ሲናገር እጁ አብሮት የሚናገር ቀጭን ሰው፣ ገመዶቹን ከግድግዳው ሶኬት አገናኙ አላቸው፤ አገናኙ። ተጫኑ አላቸው፤ ተጫኑ። አንድም አልበራም።

ስምንቱም ወደቁ ብለን ደንግጠን ሳለ፣ ከመንገድ ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት ዝም ማለቱን ሰማን። ለካ መብራት ሄዷል።

በመብራት ፈተና ላይ መብራት ሲሄድ ምን ይደረጋል? ጠበቅን። ከጎኔ የተቀመጠው ሌላው ተወካይ ሰይድ፣ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ የእኔንም ድርሻ ጨምሮ ይናገራል። ወላሂ ልጆቹ ደክመዋል፣ ሁሉም ይለፉ አለ። አንዱ ተማሪ የበራ አምፖል ሥዬ ላሳይ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ግን ውጤቱ ዛሬውኑ ዞን መድረስ አለበት፣ መኪናውም ሊነሳ ነው እያለ ሲንጎራደድ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ደምሴ፣ ሕዝቡ ምን ይላል ብሎ ጠየቀ። ሕዝቡ እኔ ነኝ።

እኔ የማውቀው አንድ ፍተሻ ብቻ ነው። ማለዳ በሬ ጠምጄ ማረስ ከመጀመሬ በፊት፣ ቀንበሩን ከሞፈሩ ያሰርኩበትን ምራን ያዝ አድርጌ እስበዋለሁ። ከጠበቀ አርሳለሁ። ስለዚህ ተነሳሁ፤ ወደ መጀመሪያው ሳንቃ ሄጄ አምፖሉ ጋ የደረሰውን ገመድ ያዝኩና ሳብኩት። ጠብቋል። ራሴን ነቀነቅሁ። መምህሩ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ኋላ ግን ጥብቀትም መጽሐፉ ላይ አለ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ሰባቱም ጠበቁ።

ስምንተኛዋ ትርንጎ ናት። እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ቀስ ብዬ ብስብ፣ ለልጁ አደላ ብሎ ሰይድ እስከ ካራቆሬ ያዳርሰዋል። ስለዚህ ቦይ ውስጥ የገባ በሬ እንደሚሳብ አድርጌ ሳብኩት። ገመዱ ብሎኑን ይዞ እጄ ላይ ቀረ።

«አባዬ፣ እኔ አምፖል ነው ያሰርኩት፤ በሬ አልጠመድኩም» አለችኝ ትርንጎ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

መምህሩ እስክሪብቶውን ስሟ ላይ አሳረፈ። እኔም የተራቆተውን የመዳብ ጫፍ እንደያዝኩ፣ ሚስቴ ወንጭፉን የት ደብቃው ይሆን እያልኩ አሰላስላለሁ። በዚህ መሀል መብራት መጣ።

ኤሌክትሪክ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገረው። በሬ ሲረግጥህ ማለት ነው፤ የሚረግጥህ ግን ከውስጥ ሆኖ ነው። በረባሶዬ ጎማ ባይሆን ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ አልነበርኩም። ጮህኩ። ገበያ ያሉ አህዮች መለሱልኝ ይላሉ፤ እኔ አልሰማሁም። መብራቱም የመጣው እኔን ሰላም ለማለት ብቻ ይመስል ወዲያው ተመልሶ ሄደ።

ቀና ስል ትርንጎ ገመዱን ከሶኬቱ ነቅላ አጠገቤ ቆማለች። መምህሩ ጠረጴዛ ሥር ነው። ከዚያ ሲወጣ የመጀመሪያ ጥያቄው፣ አምፖሉ ሲበራ ያየ አለ ወይ የሚል ነበር። ማንም የለም። ባለቤቶቹ ሳይቀሩ የየራሳቸውን አምፖል ትተው እኔን ሲያዩ ነበር። ሰይድ አንድ የበራ ነገር አይቻለሁ፣ ግን የደምሴ ዓይን ሊሆን ይችላል ብሎ መሰከረ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ኤሌክትሪኩ አምፖሉ ቦታ ደርሶ ነበር?» አለኝ መምህሩ።

«ደርሷል» አልኩት።

ሰባቱ፣ አምፖላቸው ሲበራ ስላልታየ፣ ሰኞ መጥተው እንዲፈተኑ ተወሰነ፤ ትርንጎ አለፈች። መኪናው እየጠበቀ መምህሩ ቅጹን ሞልቶ መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ «ለፍተሻ የዋለ መሣሪያ» የሚል ባዶ ቦታ አገኘ። እውነተኛ ሰው ስለሆነ ጥቂት አሰበና እንዲህ ብሎ ጻፈበት፦ «አርሶ አደር፤ ብዛት አንድ።»