በሁለቱም ጫፍ የተቀረጸ እርሳስ

ትምህርት ቤት በተባለ ቦታ ሁሉ መጽሐፍ የማያምን አንድ የኬሚስትሪ መምህር አይጠፋም። ያስተምረዋል እንጂ አያምነውም። የእኛው ክቡር «እስኪ እንየው» ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል ቢሏቸው እንኳ «እስኪ እንየው» ብለው ምድጃ ይለኩሳሉና።

እኔ ከጎናቸው ባለው ክፍል የኤሌክትሪክ ሙያ አስተምራለሁ። ጉርብትናችን በመዋዋስ የጸና ነው፤ እኔ አውሳለሁ፣ እሳቸው ይዋሳሉ። ነፍሳቸው የምትወደው ሙከራ የጨው ውሃ ኤሌክትሮሊሲስ ነው፤ በኤሌክትሪክ ከጨው ውሃ ክሎሪን ማውጣት። ብርጭቆ፣ የማድቤት ጨው፣ የእኔ ባትሪ፣ ሁለት እርሳስ፤ የእርሳስ ውስጡ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ውሃው ውስጥም አይሟሟም። እርሳሱ በሁለቱም ጫፍ ይቀረጻል፤ ላይኛው ሽቦ ይታሰርበታል፣ ታችኛው ውሃ ውስጥ ይገባል። በዚህ የተነሳ ከግቢው የእርሳስ ዘር ጠፋ። ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን ሳይቀር «ይቅርታ ወንድሜ፣ ለሳይንስ ነው» ብለው ነቅለውታል። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሯ ተማረሩና የተረፈውን ሰብስበው ቆለፉበት፤ ለሁላችንም እስክሪብቶ አደሉን።

ሳቁ የቆመው ሱፐርቫይዘሩ የመጡ ዕለት ነው። ቤተ ሙከራው አይሠራበትም ከተባለ የተሰባበረ ወንበር ማጎሪያ ሊሆን ነው።

«መምህር፣ ዛሬን እንኳ ሰሌዳ ላይ በሥዕል ይለፉት» አልኳቸው። «እርሳስ የለም።»

«የመዳብ ሽቦ አለህ አይደል?»

«ሽቦው ተበልቶ ያልቃል እኮ!»

«እኔና አንተማ እናውቃለን። ልጆቹ አላዩም። እስኪ እንየው!»

መስኮቱን ከፈቱ፣ ባትሪውን አገናኙ። በኔጌቲቩ በኩል አረፋው ተንተከተከ። ክሎሪን ይወጣበታል በተባለው በፖዘቲቩ በኩል ግን ውሃው አረንጓዴ እያለ፣ እየደፈረሰ ሄደ። ሱፐርቫይዘሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ በሐሳቤ ወንበሮቹን መደርደር ጀመርኩ።

«ቲቸር፣ ተበላሸ!» አለ አንዱ።

«አልተበላሸም፤ መለሰልን። ምን አለን?»

ከመስኮቱ ሥር አንዲት ልጅ ተነስታ ብርጭቆውን አየችና፣ «ቲቸር፣ የፖዘቲቩ ሽቦ ቀጥኗል! እሱ ነው የሟሟው።»

«ጎበዝ! ታዲያ ክሎሪኑን እንድናይ ምን እንክተት?»

«እርሳስ!» አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

አንገት ሁሉ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ዞረ። ማስታወሻ የሚይዙት በእርሳስ ነበር። እርሳሳቸውን አዩት፣ ልጆቹን አዩ፣ «መቅረጫ ያለው አለ?» አሉ ቀስ ብለው።

አንድ እርሳስ በቃ፤ የኔጌቲቩን ሽቦ ምንም አይነካውም። ውሃው ተቀየረ፣ እርሳሱ ገባ፣ ዙሪያውን አረፋ ለበሰ። የበረኪና ሽታ መጣ። የረጠበው ባለቀለም የሊትመስ ወረቀት ዓይናችን እያየ ነጣ። ሱፐርቫይዘሩ አፍንጫቸውን ሊደፉበት ሲሉ፣

«እርስዎ! በእጅ ያራግቡት እንጂ አይጠጉ!» ብለው መምህሩ ጮኹባቸው፣ እንደ ተማሪ። እሳቸውም እንደ ተማሪ እጃቸውን አራገቡ።

ውሳኔውን ሊጽፉ ኪሳቸውን ቢዳብሱ እርሳሱ ብርጭቆ ውስጥ ነው። «በቃ፣ ክፍሉ ይቆይ» አሉ በቃል።

ክቡር «እስኪ እንየው» ያንን እርሳስ አልመለሱላቸውም። ሱፐርቫይዘሩም ጠይቀው አያውቁም።

እኔ ደግሞ ከገበያ የገዛሁትን እርሳስ ጆሮዬ ላይ በሰካሁ ቁጥር የኋላው ጫፍ ይወጋኛል። በሁለቱም በኩል የተቀረጸ ነዋ። የቀረጽኩት እኔው ነኝ፤ ጎረቤቴ ድንገት ሲመጡ እንዳይቸገሩ።