የበረዶ ፋብሪካው ጥላ

እኔ የምለው፣ አርክቴክት አብልታችሁ ታውቃላችሁ? እትዬ ዘነቡ አብልተዋል።

እትዬ ዘነቡ የድሬዳዋ ሴት ናቸው። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ፣ ከተዘጋው የበረዶ ፋብሪካ ግድግዳ ተጠግተው ምግብ ቤት ከፍተው ነበር። ምግብ ቤት ስል ቆርቆሮ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና የግድግዳው ጥላ ማለቴ ነው። እዚያ አገር ጥላ ያለው ሰው ግማሽ ሀብታም ነው። እኔም ማዶ ልብስ ስለምሰፋ ምሳዬ እሳቸው ጋ ነበር።

አንድ ቀን ባርኔጣ ያደረገ ሙሴ፣ ፈረንጅ አርክቴክት፣ መጥቶ ግቢውን ይለካ ጀመር። ፋብሪካው ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ሊሆን ነው ተባለ። ያውም ያለ ኤር ኮንዲሽነር፣ በንፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ! እንደ እሳት የሚጋረፈውን የሐምሌ ንፋሳችንን የቀመሰ ይፍረድ። እኛ ሳቅን። እትዬ ዘነቡ ግን አልሳቁም። ግድግዳው ከፈረሰ ጥላው የለም፤ ጥላው ከሌለ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ድስት ባዶውን ሊቀር ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? ሙሴውን ምሳ ጠሩት። በእጃቸው ጠቅልለው አጎረሱት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙት። ሦስተኛው ለግድግዳው ነበር።

«እትዬ፣ ሰውዬው እኮ የጉርሻ ነገር አይገባውም» ብላቸው፣ «አንተ ደግሞ! በእጄ የጎረሰ ሰው ያፈናቅለኛል እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

ሙሴው ከዚያ ወዲያ ከምሳ ቀርቶ አያውቅም። እያላበው ይጎርሳል፣ እየጎረሰ ንድፉን ይስላል። በመጨረሻ የሕንፃውን ሞዴል አምጥቶ ሲያሳየን ጉድ አልን። በግድግዳው ጥላ ሥር ጥፍር የምታህል የላስቲክ ሴትዮ ድስቷን ጥዳ ቆማለች! ያጎረሰ እጅ ይነከሳል የሚሉት ውሸት ነው አልን። እትዬ ዘነቡ እልል አሉ። እኔም አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሕንፃው ተሠራ። ግድግዳውም አልፈረሰም፤ ሙሴው ምን ይወጣለታል! ግድግዳው ታጥቦ፣ ተቀብቶ መብራት ተተከለለት። ቅርስ ነው ተባለና፣ እሳት ማንደድም መደገፍም ክልክል ነው የሚል ዘበኛ ቆመበት።

እትዬ ዘነቡ ቆርቆሯቸውን ተሸክመው መንገዱን ተሻገሩ። አሁን ፀሐይ ላይ ናቸው። ግማሹ ደንበኛ ሙቀቱን ፈርቶ ቀረ። ሙሴው ግን ታማኝ ነው፤ ባርኔጣውን ደፍቶ ይመጣል፣ ይጎርሳል።

ሞዴሉ ሕንፃው መግቢያ ላይ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ እትዬ ዘነቡ ይዘውት ይሻገሩና «ያቻትልህ፣ እኔ ነኝ» ይሉታል። እኔ በንዴት አረርኩ። «እትዬ፣ እንዲህ ተጫውተውብዎት አያናድድዎትም?» አልኳቸው።

ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና በመስታወቱ አሻግረው የላስቲኳን ሴትዮ ትክ ብለው አዩአት።

«ምን ያናድደኛል ልጄ? እሷስ ጥላ ውስጥ ናት።»