የንብረት ልብ ታሟል ወይስ አልታመመም በሚለው ላይ የተደረገ ስብሰባ

ዛሬ ልጄ ንብረት ጎሕ ሲቀድ ከቡሬ ደረሰ። እዚያ ያለው ጣሊያን ሐኪም ትናንት ደረቱ ላይ ሽቦ አስሮ የልቡን ምት አንድ ክንድ በሚሆን ወረቀት ላይ በመሣሪያ አሥሎ፣ «ልብህ ምት ይስታል፤ ድንጋይ እንዳትሸከም» ብሎታል። ጭቃ ሹም አድማሴ ደግሞ ነገ ለመንገድ ሥራ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲያስረክቡ በጣሊያን ታዘዋል። ወረቀቱን አይተው «ጽሕፈት የሌለው ወረቀት ምን ይመሰክራል?» ስላሉ ቁርስ እንኳ ሳንቀምስ ተሰበሰብን።

ቀን፦ ጥር 20 ቀን 1931 ዓ.ም.
ቦታ፦ ከጭቃ ሹሙ ደጅ፣ ዋርካው ሥር
የተገኙ፦
1. ጭቃ ሹም አድማሴ፣ ሰብሳቢ
2. መሪጌታ ወልደ ሥላሴ
3. ወይዘሮ ጥሩዬ
4. አቶ ዘሩ
5. ክንዱ፣ ጸሐፊና የልጁ አባት
ያልተገኙ፦ ሦስት። የት እንዳሉ ይታወቃል፤ አይጻፍም። ጉባኤው ሞልቷል ተባለ።

ጉዳይ አንድ፦ ወረቀቱን ማንበብ
አቶ ዘሩ፣ ጣሊያን አገሩን በካርታ እየሣለ ስለሆነ ይህ የጮቄ ተራራ ነው አሉ። ወይዘሮ ጥሩዬ ጮቄ በልጁ ደረት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። መሪጌታ የመስመሩን ሹሎች ከአንዱ እስከ ሌላው በስንዴ አገዳ ለክተው፣ አምስቱ ሹሎች እኩል ይራራቃሉ፣ ስድስተኛው ግን ይዘገያል አሉ። ከበሮ መጣ። መሪጌታ ልክ እንደ መስመሩ መቱት፤ ስድስተኛው ላይ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። መሪጌታም «እንዲህ የሚመታ ደብተራ ቢኖረኝ ከማኅሌት አስወጣው ነበር» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ልቡ ታሟል፣ ንብረት ከመንገድ ሥራው ይቅር ተብሎ ተወሰነ።

ጉዳይ ሁለት፦ በድንገት የገባ
አቶ ዘሩ የእጃቸውን ሥር ይዘው «የኔም ዘገየ» አሉ። ሌሎቹም የየእጃቸውን ሥር ሲዳብሱ መሪጌታና ጭቃ ሹሙ ጭምር ምት እንደሚስቱ ተገኘ። ሁሉም ይቅሩ ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ወይዘሮ ጥሩዬ «የኔ ደህና ነው፤ ድንጋዩን እኔ ልሸከምላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። ጭቃ ሹሙ ባዶ እጃቸውን ከሄዱ ጣሊያን መንደሩን እንደሚያቃጥል አስታወሱ።

ጉዳይ ሦስት፦ የመጨረሻ ውሳኔ
ከረጅም ውይይት በኋላ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ በዚህ መንደር የታመመ ልብ የለም፣ ንብረትም ይሂድ ተባለ። ጸሐፊው፣ ትእዛዙ «አንድ ሰው» እንጂ «ወጣት» እንደማይል አመለከተ። ጭቃ ሹሙ «አንተ ክንዱ፣ በዚህ ዕድሜህ ድንጋይ?» አሉ። መሪጌታ የጸሐፊው ልብ እንዳልተለካ አነሡ። ጸሐፊው እንዳይለካ ለመነ። አይለካ፣ በልጁ ፋንታም ይሂድ ተብሎ ተወሰነ።

ስብሰባው በአምስት ሰዓት ተበተነ። ከቤታችን የሚፈለገው የሠላሳ ቀን ሥራ ነው። እስካሁን አንዱም ቀን አልተሠራም።