የግራዝማች አራት ከአሥር

የቤት ሥራ ማርክ ይሰጥበት አይሰጥበት እያላችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። ቆይ፣ መጀመሪያ እኔን ስሙኝ። በማርክ የተነሳ እንጀራዬን ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጎባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃዬ ግራዝማች ይባላሉ፤ ስማቸውን ደፍሮ የሚጠራ የለም። የእሳቸው ልጅና የእኔዋ አስቴር አንድ ክፍል ይማራሉ። አዲስ መምህር መጣና የቤት ሥራ በማርክ ማረም ጀመረ። ማርኩን ደግሞ ክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ ያነባል። የቤት ሥራ የሚሠራው ማን ነው? እንዳትስቁ፣ ያኔም አባት ነው።

አንድ ቀን አስቴር እየዘለለች መጣች። አሥር ከአሥር! ደስ አለኝ። የግራዝማች ልጅስ አልኳት። አራት። ደስታዬ እዚያው አበቃ። የልጁን የቤት ሥራ የሚሠሩት ራሳቸው ግራዝማች መሆናቸውን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃላ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። አለቃ በማርክ አይበለጥ የሚለውን ማን ይጨምርልን?

ወደ ደሎ መና መዛወሬ ታየኝ። ያ ሙቀት፣ ያ ወባ! ባለቤቴ ጫልቱ የዚያ አገር ልጅ ናት፤ በኦሮምኛ የአስቴር አባት እያለች ነው የምትጠራኝ። "ያ አባ አስቴር፣ ማሩ አለ፣ ቡናው አለ፤ ምን ይጎድልሃል?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን መምህሩ ዘንድ ሄጄ የልጄን ማርክ እንዲቀንስልኝ ለመንኩት። ጨምርልኝ የሚል ወላጅ እንጂ ቀንስልኝ የሚል አይቶ አያውቅም፤ ግራ ገባው። እምቢ አለኝ።

የፈሩት ይደርሳል። በማግስቱ ግራዝማች አስጠሩኝ። በሩን ዘጉና የልጃቸውን ደብተር ከመሳቢያ አወጡ።

"ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ጋር ደመርኩ። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት? ያ ጎረምሳ ለእኔ አራት ይሰጠኛል?"

እፎይ! ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። ወንበር ሳብኩና ክፍልፋይ አስረዳኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ዘጠኝ አመጡ፤ ያን ቀን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተቆጡት ሰው አልነበረም።

እኔም ግራዝማች እንዳይበለጡ ብዬ አስቀድሜ የአስቴር ደብተር ላይ ሆን ብዬ ስሕተት ጣል አድርጌ ነበርና፣ ሰባት ይዛ እያለቀሰች መጣች። "አባዬ፣ አንተስ ይቅርብህ" ብላ ደብተሯን ከእጄ ነጠቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ሠራች።

ማርክ ሰነፉን ከጎበዙ ይለያል ይላሉ። እውነት ነው። ቤታችን ውስጥ ሰነፍ ተብዬ የተለየሁት እኔ ነኝ፤ ከቤት ሥራ መገላገሉ ግን እንዴት ያለ እረፍት መሰላችሁ!